ስለ ነሐስ በሽታና ስለ ኃላፊነታችን



ሂስ ከራስ ሲጀምር ይሰማል። ሌላውን ከመውቀሳችን በፊት የራሳችንን ጓዳ እንፈትሽ እያልን ብዙ ጊዜ ተነጋግረናል። ዛሬ የምንፈትሸው ጓዳ የማኅበራችን ጽሕፈት ቤት ቁም ሣጥን ነው። ጉዳዩ የትናንሽ ሳንቲሞች ጉዳይ ነው። ነገር ግን "ትንሽ ነው" ተብሎ የታለፈ ነገር ምን ያህል እንደሚያስከፍል ስላየንበት፣ ጊዜ ሰጥታችሁ እንድታነቡልን እንጠይቃለን።

በቁም ሣጥኑ ውስጥ ሰባት የነሐስ ሳንቲሞች አሉ። ከእኛ በፊት እዚህ የተማሩ ወንድሞችና እኅቶች ከከተማው የአሮጌ ዕቃ ገበያ አግኝተው፣ ከደሞዛቸውም ከምሳቸውም ቀንሰው በማዋጣት ገዝተው ለማኅበሩ የተዉአቸው የአክሱም ዘመን ሳንቲሞች ናቸው። በየዓመቱ እንቁጣጣሽ ሲከበር ከፕላስቲክ ከረጢታቸው ወጥተው በአረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ጨርቅ ላይ ይደረደራሉ። እንግዳ አንሥቶ ያገላብጣቸዋል፤ ሕፃናት ይቀባበሏቸዋል፤ እኛም አጠገባቸው ቆመን ስለ ጥንታዊ ሥልጣኔያችን እንናገራለን። በዓሉ ሲያበቃ ወደ ከረጢታቸው፣ ከረጢቱም ወደ ቁም ሣጥኑ ይመለሳል። እስከሚቀጥለው እንቁጣጣሽ ድረስ ማንም አያያቸውም።

ዘንድሮ ስናወጣቸው በሦስቱ ላይ ገርጣ ያለ አረንጓዴ ዱቄት አገኘን። በጣት ሲነኩት ይረግፋል። ከከረጢቱ ግርጌም ተራግፎ ተጠራቅሟል። በዚያው ሳምንት በተደረገው የአባላት ስብሰባ ላይ ሦስት ሐሳቦች ቀረቡ። አንደኛው ወገን "እናቶቻችን የናስ ዕቃ የሚያጠሩት በሎሚና በአመድ ነው፤ እኛም እንፈግፍጋቸው" አለ። ሁለተኛው "ይብሱን ሳይበላሹ ሸጠን ገንዘቡን ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች መርጃ እናውለው" አለ። ሦስተኛው ደግሞ "ዝገት የዕድሜ ምልክት ነው፤ አትንኳቸው፣ ባሉበት ይቀመጡ" አለ። ሦስቱም ሐሳቦች የቀረቡት በቅንነት ነው፤ ሆኖም ሦስቱም ስሕተት ናቸው ብለን እናምናለን። ለምን እንደሆነ በተራ እናስረዳለን።

በመጀመሪያ ሳንቲሞቹ ምን እንደሆኑ እናስታውስ። የአክሱም ነገሥታት ከ270 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ገደማ ከንጉሥ እንዱቢስ ዘመን ጀምሮ እስከ ሰባተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስ በስማቸው ገንዘብ አስመትተዋል። እንዱቢስ ያወጣው የወርቅና የብር ሳንቲም ነበር። ነሐሱን የጨመረው አፊላስ ነው። የወርቁ ሳንቲም በግሪክ ቋንቋ እየተጻፈበት ለውጭ ንግድ ሲውል፣ ነሐሱ በአገር ውስጥ ገበያ ከእጅ ወደ እጅ ይዘዋወር ነበር። በኋላም ጽሑፉ በግዕዝ ሆነ። ስማቸውን ከሳንቲማቸው በቀር ከየትም የማናገኘው ነገሥታት አሉ። ንጉሥ ዒዛና ክርስትናን ሲቀበል ቀድሞ በሳንቲሙ ላይ የነበረው ጨረቃና ክብ ምልክት ቀርቶ መስቀል እንደተተካ የምናየውም በእነዚሁ በጣት ጥፍር መጠን ባሉ ብረቶች ላይ ነው። ከነሐሶቹ መካከል በግሪክ ቋንቋ "ይህ አገሩን ደስ ያሰኝ" የሚል ምኞት የተጻፈባቸው አሉ። ሰፊው ሕዝብ በእጁ ይዞት የዋለው ይህ ሳንቲም ነው፤ ወርቁ አይደለም።

ሁለተኛ ነገር። ወርቅ አይዝግም። በደቡብ የመን በአል መድሃሪባ ከሮማውያን ሳንቲሞች ጋር ተቀብረው የተገኙት የአክሱም የወርቅ ሳንቲሞች ይህን ሁሉ ዘመን ከመሬት በታች ኖረው ፊደላቸው ይነበባል። ነሐስ ግን አብዛኛው መዳብ ነው፤ መዳብ ደግሞ ከአፈር፣ ከውሃና ከአየር ጋር ይዋሐዳል። የድኻው ገንዘብ ከሀብታሙ ገንዘብ ይልቅ ጠባቂ ይፈልጋል ማለት ነው።

ዝገት ሁሉ ግን በሽታ አይደለም። ሦስተኛው ወገን እውነት ያለው እዚህ ላይ ነው። ነሐስ በአፈር ውስጥ ሲኖር በላዩ ላይ ቀስ በቀስ ቆዳ ያበጃል። ይህ ቆዳ ቀይ ቡናማ፣ ጥቁር፣ ጥቁር አረንጓዴ ወይም አንዳንድ ጊዜ ሰማያዊ ሊሆን ይችላል። ጠንካራ ነው፤ ከብረቱ ጋር ተጣብቋል፤ በጥፍር ቢጫሩት አይረግፍም። ከዚያም በላይ ብዙ ጊዜ ፊደሉና የንጉሡ መልክ የሚገኘው በዚሁ ቆዳ ላይ ነው። ከሥር ያለው ብረት ተበልቶ ሊያልቅ ይችላል፤ የቀራጩን እጅ መስሎ የቀረው ቆዳው ነው። ቆዳውን የገፈፈ ሰው ሳንቲሙን አላጸዳም፤ ጽሑፉን ፋቀ እንጂ።

በሽታው ሌላ ነው። "የነሐስ በሽታ" ይባላል። መንሥኤው ጨው ነው። ሳንቲሙ ጨዋማ አፈር ውስጥ ወይም ከባሕር አጠገብ ሲቀበር ክሎራይድ ወደ ውስጡ ይገባል፤ ከመዳቡም ጋር ተዋሕዶ ከቆዳው ሥር ግራጫ፣ ሰም መሳይ ነገር ሆኖ ይቀመጣል። አየርና እርጥበት ካላገኘው ለብዙ ዘመን ተኝቶ ሊኖር ይችላል። ሳንቲሙ ተቆፍሮ ወጥቶ እርጥበት ያለው አየር ሲያገኘው ግን ይነቃል። ወደ ገርጣ አረንጓዴ ዱቄት ይለወጣል፤ ሲለወጥም መጠኑ ስለሚያብጥ ቆዳውን ከሥር ገፍቶ ይሰነጥቀዋል። በዚያው ጊዜ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይፈጠራል፤ አሲዱ ያልተነካውን መዳብ ይበላል፤ የተበላው መዳብ እንደገና ክሎራይድ ይሆናል፤ ዑደቱም ከመጀመሪያው ይጀምራል። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ነገሩ የተሕዋስያን ሥራ ነው ብለው የጠረጠሩ ነበሩ። ፈረንሳዊው ኬሚስት ማርሴለን ቤርተሎ በ1890ዎቹ የኬሚካል ዑደት መሆኑን አስረዳ። ስለዚህ በሽታው እንደ ጉንፋን ከሳንቲም ወደ ሳንቲም አይተላለፍም። ነገር ግን አንድ ላይ የተቀመጡ ሳንቲሞች አንድ እርጥበት ይካፈላሉና ሁሉም ባንድ ጊዜ ሊታመሙ ይችላሉ።

ይህ ዑደት ጨውና መዳብ እስካለ፣ እርጥበትም እስካገኘ ድረስ አያቆምም። ክብደቱ ከሁለት ግራም ብዙም የማይዘል የአክሱም ነሐስ ደግሞ ብዙ የሚበላ መዳብ የለውም። "ባሉበት ይቀመጡ" ለሚሉት ጓዶች መልሳችን ይህ ነው። ባሉበት ከተቀመጡ የሚቀመጥ ነገር አይኖርም።

አሁን ወደ ግለ ሂሱ እንምጣ። ከታመሙት ሦስት ሳንቲሞች አንዱን ያሳመምነው እኛው ነን። የዛሬ ሁለት ዓመት ለእንቁጣጣሽ ኤግዚቢሽን "ጠቁሯል፣ እንግዳ ፊት አያምርም" ብለን በኮምጣጤ ዘፍዝፈን ሌሊቱን አሳድረን ጠዋት በጥርስ ብሩሽ ፈገፈግነው። እንደ አዲስ ቧንቧ አበራ። ያን ዕለት አጨበጨብን። አባቶቻችን ግን በአንዳንድ የብርና የነሐስ ሳንቲሞች ላይ በንጉሡ ራስ ዙሪያ ወይም በመስቀሉ መካከል ስስ የወርቅ ልባስ ያደርጉ እንደነበር አናውቅም ነበር። ከዚያ በፊት የተነሣው ፎቶግራፍ በማኅበሩ መዝገብ ውስጥ አለ። በመስቀሉ መካከል አንዲት የወርቅ ነጥብ ትታያለች። ዛሬ በሳንቲሙ ላይ የለችም። ኮምጣጤ ወርቅ አያሟሟም፤ ወርቁ የተቀመጠበትን ዝገት ግን ያሟሟል፤ ብሩሹ የቀረውን ይጨርሳል። ያቺ ነጥብ ከዘፈዘፍንበት ውሃ ጋር በጽሕፈት ቤቱ መታጠቢያ ወርዳለች። ከፊደሎቹም ግማሹ ሄዷል። ቆዳው በመገፈፉም ከሥር ተኝቶ የነበረው ጨው አየር አገኘና ዘንድሮ አረንጓዴ ዱቄት አበቀለ። ይህን የጻፍነው ራሳችንን ለማዋረድ አይደለም፤ ሎሚና አመድ ላቀረቡት ጓዶች ከቃል ይልቅ ሳንቲሙ ራሱ መልስ ስለሚሰጥ ነው። እናቶቻችን ናሱን በሎሚ ሲያጠሩ ትክክል ናቸው። ድስቱ ነገም ወጥ ይሠራበታልና። ሳንቲሙ ግን የሚነበብ ሰነድ ነው። ብራና በኮምጣጤ አይታጠብም።

እንግዲህ በሽታውን እንዴት እንለየው? በየቤታችሁም ከወላጅ የወረሳችሁት ወይም በስጦታ ያገኛችሁት የነሐስ ዕቃ ሊኖር ይችላልና አስተውሉ።

ቀለሙን ተመልከቱ። ጤናማው አረንጓዴ ጠቆር ያለ፣ ለስላሳና እኩል ነው። የታመመው ገርጣ፣ ብሩህና ዱቄት መሳይ ሆኖ በነጥብ በነጥብ ወይም እንደ ኪንታሮት ያበጠ ሆኖ ይታያል። ቀጥሎ በአጉሊ መነጽር እያያችሁ በጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት ጫፍ በቀስታ ንኩት። ከረገፈና ከሥሩ ጉድጓድ ከታየ ተጠራጠሩ። ከዚያም ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጣችሁ በማግሥቱና በሳምንቱ ተመልከቱ። አዲስ ዱቄት ከረገፈ በሽታው በሥራ ላይ ነው። የኬሚስትሪ ተማሪዎቻችን ደግሞ የረገፈውን ዱቄት በጥቂት ናይትሪክ አሲድ አሟሙተው የሲልቨር ናይትሬት ጠብታ ቢጨምሩበት፣ ክሎራይድ ካለ ነጭ ደመና ይሠራል። ይህ ግን በቤተ ሙከራ፣ በመምህር ፊት የሚደረግ ነው፤ የሚፈተነውም ዱቄቱ እንጂ ሳንቲሙ አይደለም።

አንድ ማስጠንቀቂያም አለ። አረንጓዴ ሁሉ ይህ በሽታ አይደለም። በርካሽ የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ የቆየ ሳንቲም አረንጓዴና የሚያጣብቅ ነገር ያወጣል። ፒ.ቪ.ሲ. የሚባለው ፕላስቲክ ሲያረጅ እሱም አሲድ ይተፋልና። የእኛዎቹ ሳንቲሞች ለዓመታት የኖሩት በዚሁ ዓይነት ከረጢት ውስጥ ነው። ቅባት የተቀባ ሳንቲምም አረንጓዴ ሰም መሳይ ነገር ያበቅላል። ዘይት ውስጥ መዘፍዘፍ ይጠቅማል የሚሉ ሰብሳቢዎች አሉ፤ በዘይት ውስጥ ያለው አሲድም መዳብ እንደሚበላ ግን አይናገሩም።

ሕክምናውስ? ባለሙያዎች በመጀመሪያ የሚያደርጉት ሳንቲሙን ፎቶግራፍ ማንሣት፣ መመዘንና መመዝገብ ነው። ከዚያ በማይክሮስኮፕ ሥር ዱቄቱን በቀዶ ጥገና ምላጭ ጫፍ ከየጉድጓዱ ያወጣሉ። ጨውን ለማውጣት ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የኖረው ዘዴ በመቶ አምስት እጅ የሶዲየም ሴስኪካርቦኔት ውህድ ውስጥ መዘፍዘፍ ነው። ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል፤ ውሃውም በየጊዜው ይለወጣል። ዘዴው የቆዳውን ቀለም ሊለውጥ ስለሚችል ዛሬ ብዙዎች በጥንቃቄ ነው የሚጠቀሙበት። ከ1967 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የተስፋፋው ሌላው ዘዴ በመቶ ሦስት እጅ የቤንዞትራያዞል በአልኮል ውህድ ነው። ይህ ጨውን አያወጣም፤ በመዳቡ ላይ ስስ መከላከያ ይጋርዳል እንጂ። በላዩ ቫርኒሽ ወይም ሰም ይደረግበታል። ኬሚካሉ ለጤና አደገኛ ስለሆነ በመኝታ ክፍል የሚሞከር አይደለም። ለትናንሽ ጉድጓዶች ደግሞ የብር ኦክሳይድ ዱቄት ጨምሮ ጨውን የመዝጋት ዘዴ አለ።

ከዚህ ሁሉ ግን አንድም መርዝ የማይፈልገው ሕክምና ማድረቅ ነው። የአየሩ እርጥበት ከመቶ 42 እስከ 46 ከሚደርስበት በታች ሲሆን ዑደቱ ይተኛል። ጥንቃቄ የሚሹ ሙዚየሞች ከመቶ 35 በታች ያወርዱታል። የምንማርባት ከተማ በባሕር አጠገብ ያለች ናት። በሐምሌና በነሐሴ የመስኮቱ መስተዋት በውጭ በኩል ላብ እንደሚያወጣ ሁላችን እናውቃለን። የጽሕፈት ቤታችን ኤርኮንዲሽን ማታ ማታ ይዘጋል። ለታመመ ነሐስ ከዚህ የከፋ ማረፊያ ማግኘት ይቸግራል። መድኃኒቱ ግን ርካሽ ነው። በጥብቅ የሚዘጋ የፖሊኤቲሊን ሣጥን፣ በውስጡም ከአዲስ ጫማ ካርቶን የምንጥላት የሲሊካ ጄል ከረጢት ዓይነት በበቂ መጠን፣ ከአጠገቡም የእርጥበት መለኪያ። የሁሉም ዋጋ ተደምሮ የአንድ ምሽት የሻይና የሺሻ ወጪ አይሆንም። ዓመታት ያላደረግነው ገንዘብ አጥተን አይደለም፤ ስላላሰብንበት ነው።

አሁን "እንሽጣቸው" ወደሚለው ሐሳብ እንለፍ። አዲስ ገቢ ተማሪ መርዳት የተቀደሰ ዓላማ ነው። ሆኖም ስለ ገበያው ምንነት በግልጽ እንነጋገር። በአክሱም አካባቢ ዝናብ ሲዘንብ አፈሩ ይታጠብና ሳንቲሞች ይወጣሉ፤ ገበሬም ሲያርስ ያገኛል። ልጆች ለቱሪስት ይሸጧቸዋል። ሳንቲሙ ከየትኛው ማሳ፣ ከየትኛው ግንብ ሥር፣ ከምን ጋር እንደተገኘ የሚመዘግብ የለም። በአፈር ውስጥ ሳለ ይናገር የነበረው ገበያ ሲገባ ድዳ ይሆናል። በሽያጭ ባለቤት በለወጠ ቁጥር ደግሞ ገዢው የሚያበራ ይፈልጋልና አንድ ሰው ይፈገፍገዋል። በአገራችን ሕግም፣ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት፣ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት የተከለከለ ነው። የቀድሞዎቹ አባሎቻችን ሳንቲሞቹን የገዙት በፍቅር እንደሆነ አንጠራጠርም። ያም ቢሆን ከገበያ የተገዛ እያንዳንዱ ሳንቲም ሌላ ሳንቲም እንዲቆፈር ትእዛዝ እንደ መስጠት ነው። እኛ ብንሸጣቸው ትእዛዙን ሁለተኛ ጊዜ እናስተላልፋለን።

በስብሰባው ላይ አንዲት እኅታችን የጠየቀችውን ጥያቄ ሳንመልስ አናልፍም። "ከ2020 እስከ 2022 (እ.ኤ.አ.) በሰሜኑ የአገራችን ክፍል በተካሄደው ጦርነት ስንት ሕይወት አልቆ፣ ስንቱ ቤተሰቡን አጥቶ ሳለ፣ እኛ ስለ ዝገት እንነጋገራለን?" ነበር ያለችው። አዳራሹ ጸጥ አለ። ጥያቄው ትክክል ነው፤ ሰው ከሳንቲም ይበልጣል። ነገር ግን ይህ ሳንቲም የዚያው ሕዝብ ነው። የተቆፈረው ከዚያው አፈር ነው። በእጃችን ያለውን የዚያን ሕዝብ ንብረት በቸልተኝነት አበላሽተን ለሕዝቡ እንቆረቆራለን ብንል ማን ያምነናል? ለሰው ማዘንና የሰውን አደራ መጠበቅ አይጣሉም።

የአክሱም ሐውልት በ2005 (እ.ኤ.አ.) ከሮም ሲመለስ ሁላችን ተደስተናል። ሐውልቱ ትልቅ ነው፤ ከሩቅ ይታያል፤ ስለ እርሱ ሰልፍ ይወጣለታል። ሁለት ግራም ለሚመዝን ነሐስ ግን ማንም ሰልፍ አይወጣም። ስለዚህ ዕጣው በእጁ ይዞት በተገኘው ሰው ኅሊና ላይ የወደቀ ነው። ዛሬ በእጃቸው ይዘውት የተገኙት እኛ ነን።

"አገር ቤት ቢመለሱ ይበላሻሉ" የሚል ክርክር እንደሚነሣ እናውቃለን። ይህን ክርክር ከሌሎች ሰምተን ስንቆጣበት ኖረናል፤ ከራሳችን አፍ ሲወጣ ያሳፍራል። ወርቁን ያጠፋነው እኛ ነን፣ እዚሁ፣ በዩኒቨርሲቲ ውስጥ።

ስለዚህ ለመጪው ጠቅላላ ስብሰባ የሚከተሉትን የውሳኔ ሐሳቦች እናቀርባለን።

1. ሰባቱም ሳንቲሞች ከዛሬ ጀምሮ ከፕላስቲክ ከረጢቱ ወጥተው፣ እያንዳንዳቸው አሲድ በሌለው ወረቀት ተጠቅልለው በደረቅ ሣጥን ውስጥ ይቀመጡ። የታመሙት ሦስቱ ለብቻቸው ይሁኑ። ሲሊካ ጄሉን በየወሩ የሚፈትሽ አንድ ኃላፊ ይመረጥ።

2. ማንም አባል፣ የሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ አባልም ቢሆን፣ በኮምጣጤ፣ በሎሚ፣ በዘይት፣ በጥርስ ሳሙናም ሆነ በሌላ ነገር እንዳይነካቸው። ማየት የሚፈልግ ጓንት አድርጎ በጠርዛቸው ይያዝ፤ የእጅ ላብም ጨው ነው።

3. ሁሉም በሁለቱም ገጽ ፎቶግራፍ ተነሥተው፣ ተመዝነው፣ ከየት እንደመጡ የምናውቀው ሁሉ ተጽፎ ይመዝገብ። ኮምጣጤ ውስጥ የዘፈዘፍነውም ሳይደበቅ ይጻፍ።

4. የታመሙትን የሚያክም ባለሙያ ከዩኒቨርሲቲው የአርኪዮሎጂ ክፍል በኩል ይፈለግ። ለወጪው መዋጮ ይደረግ።

5. ሲድኑ፣ ከመዝገባቸው ጋር፣ በኤምባሲያችን በኩል በአገር ቤት ለቅርስ ኃላፊነት ላለው መሥሪያ ቤት ይመለሱ። ለእንቁጣጣሽ ጠረጴዛችን ፎቶግራፋቸው ይበቃል።

አምስተኛውን ነጥብ የማይቀበሉ ጓዶች እንዳሉ እናውቃለን። በስብሰባው ላይ መጥተው ይከራከሩን። አራቱ ነጥቦች ግን ክርክር አይጠብቁም። ይህ ጽሑፍ ታትሞ እስኪደርሳችሁ ድረስ እንኳ ዱቄቱ መርገፉን አላቆመም።

ያጸዳነው ሳንቲም በጽሕፈት ቤቱ ጠረጴዛ ላይ፣ በደረቅ ብልቃጥ ውስጥ፣ ከቀድሞ ፎቶግራፉ ጋር ተቀምጧል። ከስብሰባው በፊት ገብታችሁ ሁለቱን አስተያዩ። ጓንት ከመሳቢያው ውስጥ አለ።